የአባቴ ወገብና ሁለቱ ቀንዶች

የአባቴ ቀለም ቀንድ መቀመጫ የለውም። በበሬ ራስ ላይ እንደ በቀለ ጫፉ ሹል ነው፤ ጫፉን መሬት ውስጥ ተክለው አፉን ወደ ላይ ካላደረጉት አይቆምም። ሁለት ቀንዶች አሏቸው፤ አንዱ ለጥቁር ቀለም፣ አንዱ ለቀይ። አባቴ ጽሕፈት መማር በጀመሩበት ቀን መምህራቸው ቀንዶቹን በቀኛቸው፣ ከጉልበታቸው አጠገብ መሬት ላይ ተከሉላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የትም ይቀመጡ የት፣ ቀንዶቹ በቀኝ፣ መሬት ላይ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው። ያን ጊዜ ግን እኔም አላወቅሁት፤ ከእኔ የሚበልጡትም አላወቁት።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በብራና ላይ በእጃቸው ይገለብጣሉ። እኔ ደግሞ መስመር አውጪያቸው ነኝ። ወንድም ስለሌለኝ ወስፌው ለእኔ ደረሰኝ። ብራናውን በወስፌ እየጫርሁ መስመር አወጣለሁ፤ አባቴ ከመስመሩ ላይ ፊደል ያንጠለጥላሉ። ቀኑን ሙሉ ብራና ላይ የሚውል ዓይን ፊደሉን ሳያይ አያልፍምና ማንም «ተማሪ» ሳይለኝ ማንበብ ቻልሁ፤ ማንም «ጻፊ» ሳይለኝ መጻፍ ጀመርሁ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ይህን የምጽፈው አጎቴ ከከተማ ባመጣልኝ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት እንዴት ደስ ይላል! ብራና ብዕርን እየያዘ ይከራከራል፤ ወረቀት ግን «እለፊ፣ እለፊ» ይላል።

ደብራችንን ጣሊያን ያቃጠለ ጊዜ ታቦቱን አወጡት፤ መጽሐፉን ግን እሳቱ ቀደማቸው። አሁን ታቦቱ አንዲት የሣር ቤት ውስጥ ነው። ቄሳችን በቃላቸው ይቀድሳሉ፤ ነገር ግን አርጅተዋል፤ መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል። እሳቸው ሲጠፋባቸው ዲያቆኑ ያያቸዋል፤ ዲያቆኑ ሲጠፋበት እሳቸው ያዩታል። ስለዚህ የደብሩ ሽማግሌዎች ከመርጡለ ማርያም ወገን ካለ አንድ ደብር የቅዳሴ መጽሐፍ ተውሰው አመጡና አባቴ እንዲገለብጡት ሰጧቸው። ውሰቱ እስከ ክረምት መግቢያ ብቻ ነው። ወንዝ ከመሙላቱ በፊት ካልተመለሰ ቃል ማፍረስ ይሆናል። ሳያልቅ ከተመለሰ ደግሞ ለከርሞ እናገኘው እንደሆነ ማን ያውቃል? ጣሊያንም አለ፣ እሳትም አለ። አባቴ ጥር ላይ ጀምረው ፋሲካ ሲደርስ እኩሌታውን አልፈው ነበር። እንቢ ያለው ወገባቸው ነው።

ያን ጊዜ የሚጽፉት ቁርበት ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው። ሲመሽ ለመነሣት መጀመሪያ እጃቸውን መሬት ላይ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ መቀመጫቸው ይነሣል፤ ፊታቸው ገና ታች ነው፤ በመጨረሻ ራሳቸው ይመጣል። ልክ ላም እንደምትነሣው። እኔ ነገሩ ይገርመኝ ነበር። አራሽ ወገቡን ቢያመው ምክንያቱ ይታያል፤ አባቴ ግን ከብዕር የከበደ ነገር አንሥተው አያውቁም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ምን ሰበረው?

የእናቴ ታናሽ ወንድም ደብረ ማርቆስ ጣሊያን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ሰፈሩ በሌለበት ባንዳ ይለዋል፤ ሲመጣ ደግሞ ማመልከቻ ያጽፈዋል። ለፋሲካ ሊጠይቀን መጥቶ አባቴ ሲነሡ አየ።

«የኔታ፣ ይህ አቀማመጥ እኮ ሰው ያጎብጣል» አላቸው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ እውላለሁ። ጠረጴዛ አለኝ፣ ወንበር አለኝ፤ ወገቤን አሞኝ አያውቅም።»

«አንገትህንስ?» አልሁት። ሲያወራ ማጅራቱን ሲያሽ አይቼዋለሁ።

«አንቺ ዝም በይ።»

አባቴ ሣቁ። «ጣሊያን ወንበር ላይ ተቀምጬ ቅዳሴ ልጻፍ?»

«ወንበር ሃይማኖት የለውም የኔታ።»

«ወንበሩስ እሺ፤ ተቀማጩስ?»

አጎቴ ተቀየመ መሰለኝ፤ ግን ቂም አያውቅም። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ጠረጴዛና ወንበር ላከልን። እስከ መኪናው መንገድ በካሚዮን፣ ከዚያ በበቅሎ መጣ፤ ጠረጴዛው አራት እግሩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እንደ ሞተ ጥጃ ተጭኖ። አንዱ እግሩ ስላጠረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገባንለት። ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩት። ሌላውን ዕቃ አንድ ጊዜ ነው የሚረጩት፤ ይህን ግን ሦስት ጊዜ ረጩት።

አባቴ ሲቀመጡበት እግራቸው መሬት አልደረሰም። «እንደ ሕፃን ተንጠለጠልሁ እኮ!» አሉ። እናቴ ጉማጅ ግንድ አምጥታ ከእግራቸው ሥር አገባችላቸው። ብራናው ጠረጴዛው ላይ፣ የውሰቱ መጽሐፍ አትሮንሱ ላይ ሆኖ ፊት ለፊታቸው፤ ቀንዶቹ በቀኛቸው፣ መሬት ላይ። ያን ቀን ሲመሽ አባቴ ከወንበሩ እንደ ጎልማሳ ብድግ አሉ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እኔም ጠረጴዛውን በቅቤ ወለወልሁት።

ደስታችን ሁለት ሰንበት አልሞላም። አባቴ የቀኝ ጎናቸውን ይይዙ ጀመር። መጀመሪያ ውጋት ነው አሉ። ቀጥሎ ከትከሻቸው እስከ ዳሌያቸው ተሳሰረ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ብዕሩን ከቀለም አንሥተው ሊጽፉ ሲሉ ጎናቸው ወጋቸውና ብራናው ላይ ጥቁር ጠብታ ወደቀ። አባቴ በሕይወታቸው ቀለም ያንጠባጠቡ ሰው አልነበሩም። ጠብታውን በቢላዋ ፍቀው አወጡት፤ ያን ቀን ግን ሌላ መስመር አልጻፉም።

ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ብርድ ነው አለ፤ አንዷ ዓይን ነው አለች። ቄሱ ጠረጴዛውን እያዩ «እኔ ሦስቱም አልበቃውም ብዬ ነበር» አሉ። እናቴ ጨው በምጣድ አሙቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ጎናቸው ላይ ታሳርፋለች፤ ጨው ሲሞቅ ይሻላቸዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ግንቦት እየገባ ነው። የቀረውን ቅጠል ስንቆጥረው ከቀረው ቀን ጋር እኩል ነበር፤ አባቴ ግን መቀመጥ አልቻሉም።

ቁይ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ እስላም ሸማኔ አሉ፤ ሸማኔም ውጌሻም ናቸው። እናቴ ሄዳ ለምና አመጣቻቸው። አባቴን በሆዳቸው አስተኝተው፣ ቅቤ ቀብተው፣ በአውራ ጣታቸው ከአንገት እስከ ወገብ አከርካሪያቸውን ተከትለው ወረዱ። ቀኝ ጎን ላይ ሲደርሱ አባቴ «ወይኔ!» አሉ። በግራ ሲመጡ ዝም።

«ይህ ነገር አንድ ጎን ብቻ ነው የተቀመጠው» አሉ ሸማኔው። «ብርድ ቢሆን ሁለቱንም ይዞ ይገባል። ቀኝዎን ምን ያደርጉታል?»

«እጽፍበታለሁ» አሉ አባቴ።

«መጻፍማ የጣት ሥራ ነው። ይህ የጣት በሽታ አይደለም፤ ሸክም የተሸከመ ሰው ጎን ነው።»

«ከብዕር ሌላ ምን ተሸከምሁ!»

«ወላሂ እኔ እንጃ የኔታ፤ ጎንዎ ግን ያውቃል» አሉና አሽተው፣ ሲቀመጡ በየመሐሉ እየተነሡ እንዲንቀሳቀሱ መክረው ሄዱ።

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነቃ ግን ጥያቄው ራስጌዬ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጎንዎ ያውቃል። ጎን እንዴት ይጠየቃል?

ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር እናቴ ለሸማኔው አንዲት ዶሮ አስይዛ ሰደደችኝ፤ እሳቸው ራሳቸው እንዲያርዷት ከነሕይወቷ። ቤታቸው ስገባ ሥራ ላይ ነበሩ። ሸማኔ ሲሠራ ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር። እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በጣታቸው ገመድ ይረግጣሉ። ድሩ ደረታቸው ፊት ተወጥሯል። መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል። ከወገብ በላይ ቀጥ ብለዋል። የእኔን አባት በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ጀርባቸው ግን የጎረምሳ ነው።

«አያ፣ ወገብዎን አያምዎትም?» አልኋቸው።

«ለምን ያመኛል?»

«ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ አባቴም ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ።»

ዶሮዋን ተቀበሉኝና እግሯን ፈትተው ለቀቋት። «የጸሐፊው ልጅ፣ ልብ ብለሽ እዪኝ» አሉ። «እኔ ወደ ሥራዬ ስሄድ ታያለሽ? ሥራዬ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። የሚያስፈልገኝ ሁሉ ከክርኔ አይርቅም። አንድ ጊዜ መወርወሪያው ወድቆ ባነሣው ምንም አይደለም። በወረወርሁ ቁጥር ቢወድቅና ባነሣው ግን እስከ ዛሬ አፈር ሆኜ ነበር።»

ከዚያ ብዙ አወሩ፤ እኔ ግን አልሰማሁም። በወረወርሁ ቁጥር። ጫማ ቢኖረኝ እዚያው ጥዬው በሄድሁ ነበር፤ በባዶ እግሬ ሮጬ ቤት ደረስሁ።

አባቴ ጥቂት ስለተሻላቸው ወንበሩ ላይ ነበሩ። መስመር የማወጣ መስዬ አጠገባቸው ተቀመጥሁና ዓይኔን ከብዕራቸው ላይ አልነቀልሁም። ብዕሩ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፍና ይደርቃል። ሲደርቅ አባቴ በቀኝ ጎናቸው ይታጠፋሉ፤ ክንዳቸው ከወንበሩ ይወርዳል፤ ትከሻቸው ይከተላል፤ ብዕሩን መሬት ላይ ካለው ቀንድ ነክረው ቀለሙን እንዳያፈሱ ቀስ ብለው ይነሣሉ። ሁለት ሦስት ቃል። እንደገና። በታጠፉ ቁጥር አንድ ጭረት ብራና ቁራጭ ላይ ጫርሁ። እናቴ ለምሳ ሳትጠራን ቁራጩ በፊትም በጀርባም ሞላ።

መሬት ላይ ሲቀመጡ ቀንዱ ጉልበታቸው አጠገብ ነበር። ወንበሩ እሳቸውን ብቻ ከፍ አደረጋቸው፤ ቀንዶቹን እዚያው ተዋቸው!

ወዲያው ልጮህ ነበር። ግን አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ የመምህራቸውን ነገር ማንም ሲነካባቸው አይወዱም። «ቀንድ መሬት ላይ ነው የሚተከለው» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ደግሞም እውነት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ይጋደማል፣ ቀለሙ ይፈሳል። ስለዚህ ዝም አልሁ። ቅዳሜ አባቴ ለተዝካር ጎረቤት መንደር ሲሄዱ ያረጀ ማረሻ ፈልጌ እሳት ውስጥ ጨመርሁ።

ማረሻ ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ልክ እንደ ቀንዱ። ፍም እስኪመስል አግዬ፣ ጭራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጠረጴዛው ላይ በቀኝ በኩል ጫንሁት። ጭሱ ቤቱን ሞላው። እናቴ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

«አንቺ! የሰው ጠረጴዛ!»

«እማ፣ ቀንዱን እዚህ ልተክለው ነው» አልኋትና ጭረት የሞላበትን ቁራጭ አሳየኋት። «ይህ ሁሉ የአባባ ወገብ የታጠፈው ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ብቻ።»

እናቴ ማንበብ አትችልም። ጭረቱን ግን አነበበችው። ቁራጩን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ጠረጴዛው እንዳይንቀሳቀስ በሁለት እጇ ያዘችልኝ። ማረሻው ሲቀዘቅዝ እያጋልን፣ ሲግል እየጫንን፣ ሁለት ቀዳዳ አወጣን። ቀንዶቹን ከመሬት ነቅዬ ስተክላቸው ጫፋቸው ከጠረጴዛው በታች ብቅ አለ፤ እነሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

አባቴ ሲመለሱ ከደጅ ጀምረው አነፈነፉ። «ምን ተቃጠለ?»

«ጣሊያን» አለች እናቴ።

ገብተው አዩ። ቀንዶቹ ይቆሙበት የነበረውን መሬት አዩ፤ ጉድጓዶቹ ባዶ ናቸው። ጠረጴዛውን አዩ። ልባቸው እንደ ተናደደ ጢማቸው ይናገራል። እኔ ቁራጩን ሰጠኋቸውና የሆነውን ሁሉ ከሸማኔው ጀምሬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው። ሰኞ ጠዋት ግን ቀንዶቹን ሳይነቅሉ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ብዕር አነሡ። ሁለት ቃል ጻፉ። ብዕሩ ደረቀ። በቀኝ ጎናቸው ታጠፉ፤ ክንዳቸው ወረደ፤ ትከሻቸው ተከተለ፤ ብዕሩን ከመሬት በላይ ባዶ አየር ውስጥ ነከሩትና ቀስ ብለው፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቀው፣ ተነሡ። ሊጽፉ ሲሉ ብዕሩን አዩት።

እኔ ሣቄን መያዝ አልቻልሁም።

«ምን ያስቅሻል?»

«አባባ፣ ንፋስ ነከሩ!»

ብዕሩን አገላብጠው አዩት። «ሠላሳ ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ እኔን ሳይጠይቀኝ ነው ለካ የሚሄድ።» ከዚያ እጃቸውን እንደ እንግዳ በዓይናቸው እየመሩ ወደ ጠረጴዛው ቀንድ ወሰዱት። ያን ቀን ብዙ ጊዜ ንፋስ ነከሩ። በሦስተኛው ቀን እጃቸው መንገዱን ለመደ።

ተረት ቢሆን በማግሥቱ ይድኑ ነበር። አልዳኑም። ጎናቸው እስኪፈታ ሳምንት አለፈ፤ እናቴም ጨዉን አልተወችም። ውጋቱ ለቀቃቸው፤ ግን ረጅም ተቀምጠው ሲነሡ ወገባቸው አሁንም ይደርቃል። ሸማኔው «በየመሐሉ ይነሡ» ብለዋቸው ነበር፤ አባቴ ግን አይነሡም።

«የቀረው ቀን ስንት ነው? ስነሣ ስቀመጥ ወንዙ ይሙላ?»

መለመን እንደማይጠቅም ገባኝ። የውሰቱን መጽሐፍ ገለጥሁ። የቅዳሴ መጽሐፍ ውስጥ ዲያቆኑ ሕዝቡን «ተንሥኡ» የሚልበት ቦታ አለ፤ እሱ በቀይ ቀለም ይጻፋል።

«አባባ፣ ይህ ምን ይላል?»

«አታነቢውም እንዴ? ተነሡ ይላል።»

«ማን ነው የሚነሣ?»

«ሰው ሁሉ።»

«የጻፈውስ ሰው?»

አባቴ ብዕሩን ከብራናው አነሡ። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ወንድ ብትሆኚ ቅኔ ቤት ነበር የምሰድሽ።» ከዚያ ግን ያቺ ቀይ ቃል በመጣች ቁጥር ብዕራቸውን አስቀምጠው ይነሣሉ፤ እስከ ደጅ ይሄዳሉ፤ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘርግተው ሰማዩን ያያሉ፤ ይመለሳሉ። ሰማዩን የሚያዩት ለወገባቸው ብቻ አልነበረም። ደመናው በየቀኑ ዝቅ እያለ ነበር። የሚገርመው ግን እየተነሡ የጻፉት ቅጠል ሳይነሡ ከጻፉት አለማነሱ ነው። እኔ መስመር አውጪ ነኝና አውቃለሁ፤ እንዲያውም እኔ አልደርስላቸው አልሁ።

ሰኔ ሲገባ አጎቴ መጣ። ገና ከበሩ ቀዳዳዎቹን አየ።

«ማን ነው ጠረጴዛዬን የበሳው!»

«ወንበር ሃይማኖት የለውም ብለህ የለ?» አሉ አባቴ ከብራናው ዓይናቸውን ሳያነሡ። «ይኸው ጠረጴዛውን አጠመቅነው።»

አጎቴ ቀዳዳውን በጣቱ ለካው፤ ከሥሩ ጎንብሶ የቀንዱን ጫፍ አየ፤ ሲነሣ ማጅራቱን ያዘ። ይህን ነበር የምጠብቀው። መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ እንዲያሳየኝ አልሁት። አባቴ ወንበሩን ለቀቁለት፤ ከያዘው ጥቅል ወረቀት አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈውና አገጩ ደረቱን እስኪነካ ጎነበሰ።

«አያ፣ ወረቀቱ ተኝቷል፤ አንተ ቀኑን ሙሉ ትሰግድለታለህ።»

«አለቃዬም የሚፈልገው ይህንኑ ነው» አለ። ሁላችንም ሣቅን፤ እሱ ግን ሣቁን ቶሎ ጨረሰ። ሰሌዳ ከወረቀቱ ሥር እንዲያገባና በአንድ በኩል በእንጨት ደግፎ ቀና እንዲያደርገው አሳየሁት። ሞከረው። አንገቱ ቀና ሲል ፊቱም የተለወጠ መሰለኝ። የወረቀቱን ጥቅል ያን ጊዜ ነው «ለሐኪሟ» ብሎ ትቶልኝ የሄደው።

የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው መጽሐፉ ሊያልቅ አንድ ቅጠል ሲቀረው ነው። የዲያቆኑ በቅሎ ተጭና ደጃችን ቆማለች፤ የውሰቱ መጽሐፍ የሚጠቀለልበት ቆዳ ተዘርግቷል፤ ወንዙ ገና እስከ ጉልበት ነው አሉ። አባቴ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዲያቆኑ በሩ ላይ ይንቆራጠጣል፤ «የኔታ፣ ደረሰ?» ይላል፤ አባቴ «ዝም በል፤ ዝናብ ነህ ወይስ ዲያቆን?» ይሉታል። ያቺ ቀይ ቃል አንድ ጊዜ መጣች። እኔ «ዛሬስ ይለፏት» ልል አፌን ስከፍት አባቴ ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ እስከ ደጅ ሄዱ፤ ዝናቡን በመዳፋቸው ተቀበሉት፤ ተመለሱ። ዲያቆኑ ፀጉሩን ሊነጭ ደረሰ።

የመጨረሻው ቃል ሲያልቅ የመጨረሻው ነጥብ ቀረ። አራት ጥቁር ነጥብ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቀይ። አባቴ ከወንበሩ ተነሡና ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ነጥቡን አንቺ አድርጊው።»

እኔ? የቅዳሴ መጽሐፍ ላይ? ዲያቆኑም እንደዚያው ያሰበ ይመስለኛል፤ ግን በቅሎዋ ቸኩላለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። እግሬን ጉማጁ ላይ አሳረፍሁ። ብዕሩን ይዤ፣ በቀኝ ጎኔ ታጥፌ፣ ክንዴን ወደ መሬት ሰድጄ ንፋስ ነከርሁ።

አባቴ ወገባቸውን ሳይዙ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሣቁ።